ጋሽ ይማምና ሳይሞላ የማይወጣው መኪና

የዚያን ዕለት ጠዋት በብሎካችን የስልክ ግሩፕ ላይ ሁለት መልእክት ተከታትሎ ገባ። የመጀመሪያው የጋሽ ይማም ድምፅ ነው። «የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች! ደረጃ ላይ ያሉት ተሳፋሪዎች ከትናንት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም። ትሰማላችሁ? እንዲህ ያለ ጭካኔ በእኔ ጊዜ መናኸሪያ ውስጥ አይታይም ነበር።» ሁለተኛው የእድራችን ጸሐፊ የጻፈው ነው። ጋሽ ይማም ማረፋቸውንና ቀብራቸው ዛሬውኑ ከዙህር ሶላት በኋላ መሆኑን ይናገራል። ሱብሂ ሰግደው፣ መልእክታቸውን ልከው፣ ሶፋቸው ላይ ጋደም እንዳሉ ነው ያረፉት አሉ።

ሁለቱንም ያየሁት ኢምፔሪያል ከታክሲ ወርጄ የመድኃኒት ቤቴን በር እየከፈትኩ ነው። ሦስተኛ ፎቅ የምኖረው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም፤ «አሁን ምን ብዬ ነው የማስረዳቸው?» የሚል ጭንቀት ነው። የማስረዳው ሰው እንደሌለ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያኔ ቁልፉን በሩ ላይ እንዳንጠለጠልኩ መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ጎረቤቴ ባለሱቅ ደንግጦ መጣ፤ መልእክቱን ሳሳየው «ዘመድሽ ናቸው?» አለኝ። «የእኛ ብሎክ ስምሪት ናቸው» አልኩት። ምንም ሳይገባው አብሮኝ አዘነ።

ጋሽ ይማም አጠር ብለው ደረታቸውን ነፍተው የሚሄዱ የወሎ ሰው ነበሩ። የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት ላምበረት መናኸሪያ፣ ስምሪት ክፍል ውስጥ ነው። የትኛው ሾፌር ትርፍ እንደጫነ፣ የትኛው ረዳት እንደዋሸ በዓይናቸው ብቻ ያውቁ ነበር ይባላል፤ የእሳቸው ፊሽካ ሳይነፋ ደግሞ አንድም አውቶቡስ ከበሩ አይወጣም። ጡረታ ሲወጡ ሁሉን ነገር አስረከቡ፣ ፊሽካዋን ግን እምቢ አሉ። «ብረቷ የመንግሥት ብትሆን ትንፋሹ የእኔ ነው» ብለው አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሏት ቦሌ ቡልቡላ፣ ከእኛ ጋር ኮንዶሚኒየም ገቡ።

ቀስ በቀስ የደረጃችን ግራና ቀኝ በግማሽ በተቆረጡ የውኃ ጠርሙሶች ተሞላ። በየጠርሙሱ አፈር፣ በየአፈሩ አንድ ነገር በቅሏል። የብሎኩ ኮሚቴ ሊጠይቃቸው ሄደ።

«ጋሽ ይማም፣ ደረጃው እኮ የጋራ ነው።»

«እኔስ መቼ የግሌ ነው አልኩ? እነዚህ መንገደኞች ናቸው። ሲሞላላቸው ይሄዳሉ።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደመጡበት ነዋ!»

ኮሚቴው ቀልድ መስሎት ስቆ ተመለሰ። ሰውየው ግን አልቀለዱም ነበር። ሊጠፉ የደረሱ የመድኃኒት ዕፅዋትን አባዝተው ወደየአገራቸው ሊመልሱ ነው የተነሱት። ይህን ሁሉ የሚናገሩት ደግሞ በመናኸሪያ ቋንቋ ነው። ችግኝ ተሳፋሪ ነው፣ ጠርሙሱ ወንበር ነው። ዘር ሲበቅል «ተሳፈረ»፣ ሲደርቅ «ወረደ» ይላሉ። ውኃ አጠጥተው ሲጨርሱ ጠርሙሱን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ ያደርጉና፣ የአውቶቡስ ጎን እንደሚመታ ረዳት «ሳበው!» ይላሉ። ያን ድምፅ ሰምተን ነው የምንነቃው።

አራተኛ ፎቅ ላይ ኮሶ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንቆቆ። የእኔ በር ላይ ጥቁር እንጨት የሚባለውን የጫካ ዛፍ ተከሉብኝ።

«ጋሽ ይማም፣ ይሄ ሲያድግ ቤት የሚያክል ዛፍ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ደረጃ ላይ?»

«ሕፃን ስታቅፊ፣ ጎረምሳ ሲሆን እንዴት አድርጌ አቅፈዋለሁ ብለሽ ትተዪዋለሽ?»

ከዚያ ወዲህ በሬን ስከፍት በጎን መውጣት ለመድኩ።

ሁሉንም ተክል ግን አይቀበሉም። ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ አስካለ አንድ ቀን ዳማከሴና ጤና አዳም በሳፋ ይዘውላቸው መጡ። ጋሽ ይማም ገና ከሩቅ በእጃቸው አገዱ። «አስካለ፣ እነሱ የከተማ ልጆች ናቸው። በየጓሮው ሞልተውልሻል። የእኔ መኪና አገር አቋራጭ ነው!» እትዬ አስካለ ይህቺን ንግግር ይቅር አላሉም፤ ለብዙ ጊዜ ዳማከሴ በሸተታቸው ቁጥር ያነሱባቸው ነበር።

ሁሉን አዋቂ ነበሩ እንዳልል ደግሞ አረሙ አለ። ሰላማዊት የምትባል፣ ችግኝ ጣቢያ የምትሠራ የዕፅዋት ባለሙያ ትረዳቸው ነበር። አንድ ቀን ደረጃውን ስትጎበኝ ጋሽ ይማም ከሁሉ አስበልጠው የሚንከባከቡት፣ ከሻማ የወፈረ ግንድ ያወጣ እንቆቆ ፊት ቆመችና ቅጠሉን አገላበጠች። ከዚያ ቀስ ብላ «ጋሽ ይማም፣ ይሄ እንኳ አረም ነው፤ መንገድ ዳር የሚበቅለው» አለቻቸው። እኛ የምናየውን እንዳላየ ሆነን ዞር አልን። ጋሽ ይማም አረሙን አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ ቆባቸውን አስተካከሉ። «ተሳስቶ ነው የተሳፈረው» አሉ። «ቢሆንም መሃል መንገድ ላይ አውርጄ አልጥልም።» አረሙ እስከ ዛሬ ሁለተኛ ፎቅ አለ።

እኔን «ዶክተሬ» ነው የሚሉኝ። ፋርማሲስት እንጂ ዶክተር አይደለሁም ብላቸው «ያው ነው፣ ሾፌሩም ረዳቱም አንድ መኪና ላይ ነው ያሉት» አሉኝ። ጡረታ ከወጡም በኋላ በየቀኑ ላምበረት ካልደረሱ ቀኑ የሚነጋላቸው አይመስልም ነበር፤ በመንገዳቸው መድኃኒት ቤቴ ጎራ ብለው የሕመምተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የሚገርመው እሳቸው ራሳቸው የባህል መድኃኒት አይነኩም። ራሳቸውን ሲያማቸው ከእኔ ኪኒን ነው የሚወስዱት። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው ተቆጡ። «ስምሪት ተሳፋሪውን ይበላል እንዴ? አንቺ አብሽሪ፣ ኪኒንሽን ሽጪ። የአንቺ ሱቅ ባይኖር የእኔ ተሳፋሪዎች ተነቅለው አልቀው ነበር።» ከዚያ ወዲህ ሥራዬን በአዲስ ዓይን አየሁት ብል ውሸት አይሆንም።

ይሄን ሁሉ መከራ ለምን እንደሚያዩ አንድ ቀን አብረን ወደ ቤት ስንመለስ ነገሩኝ። ኢምፔሪያል መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር።

«ቀበሪቾ በጆንያ ሆኖ በአውቶቡስ ጣራ ሲመጣ አይ ነበር» አሉ። «መጀመሪያ ላይ ሥሩ የሕፃን ክንድ ያክላል። ቆየ፣ አውራ ጣቴን አከለ። ቆየ፣ ትንሿን ጣቴን። ጆንያው ራሱ ወደ ፌስታል ወረደ። አየሽ፣ ሥሩን ካልነቀሉት አይሸጥም፤ ከነቀሉት ደግሞ ሞተ። እኔ መስመር አውቃለሁ ዶክተሬ። ደሴ የሄደ መኪና ከደሴ ይመለሳል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሲመጣ እንጂ ሲመለስ ያላየሁት ተሳፋሪ ይሄ ብቻ ነው። መልስ የሌለው መስመር ደግሞ ይዘጋል።»

ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ሲሰማቸው ነበር። «እኔ አንድ መኪና ቀበሪቾ ወደ አገሩ ሳላሳፍር ብሞት ቅር ይለኛል» አሉ ቀጥለው። ወያላው ዞሮ «ፋዘር፣ መኪናው የት ነው?» አላቸው። እግራቸው ስር ያስቀመጡትን ባዶ የለስላሳ ሳጥን አሳዩት።

ቀበሪቾን የማያውቅ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም፤ በሕይወት እያለ ያየው ግን ከስንት አንድ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ገበያ ላይ የተጋደመውን ደረቅ ሥር ነው። ቅጠሉ እሾህ እንደሆነ፣ አበባው ክብ ኳስ እንደሚመስል ያወቅነው ከጋሽ ይማም ነው። ዘሩን ያመጣላቸው ተፈራ የሚባል የደብረ ብርሃን መስመር ሾፌር ነው። እሱ ከተወለደበት መንደር በላይ ያለው ተራራ ድሮ በቀበሪቾ የተሞላ ነበር፤ አሁን የቀረው አለት ስንጥቅ ውስጥ የመሸገ ጥቂት ብቻ ነው። ተፈራ ከዚያ ለቅሞ በመሃረብ ቋጥሮ አመጣ። ከተዘራው ውስጥ ግን ጸንታ የቆመችው አንዲት ብቻ ሆነች።

እሷም አድጋ ጠርሙሱ ሲጠባት መሬትና ፀሐይ አስፈለጋት። መሬት ያለው ደግሞ የእትዬ አስካለ ደጅ ብቻ ነው። እትዬ አስካለ ጎንደሬ ናቸው፤ ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ጸሎታቸውም ቁጣቸውም የማይታጎል ሴት። ምች፣ ጉንፋን፣ የሰው ዓይን፣ ሁሉም በቀበሪቾ ጢስ ይለቃል ብለው ያምናሉ። ለጅብ ሥጋ አደራ ማለት ይሄ አይደል? ብናገራቸው ጋሽ ይማም አልሰማ አሉ። «አስካለ ደጇን ማን ደፍሮ ይረግጣል? ከእሷ የተሻለ ጥበቃ የት ይገኛል?»

በርግጥም እትዬ አስካለ ጠበቋት። የሰፈሩን ፍየል በድንጋይ፣ ኳስ ተጫዋቹን በእርግማን፣ የግቢውን አጽጂ በመጥረጊያ አባረሩላት። የልብስ እጣቢ ውኃቸውን ለእሷ ነበር የሚደፉት። ተክሏም አመት በአመት ወፈረች፣ አበባም ያዘች። ጋሽ ይማም በየጠዋቱ እየወረዱ «ዘሯ ትንሽ ይቅረው» ይሉ ነበር።

ከዚያ ጥር መጣ፣ ብርድና ጉንፋንም ተከትሎ ገባ። የእትዬ አስካለ ልጅ ጨቅላዋን ይዛ ልትጠይቃቸው መጣች፤ ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያስል አደረ። እሑድ ጠዋት ደረጃው ሁሉ በጢስ ታጠነ። የሚያውድ፣ ጉሮሮ የሚከፍት ጢስ ነው። ጋሽ ይማም ከአራተኛ ፎቅ እያሸተቱ ፎቅ በፎቅ ወረዱ። እኔም ተከተልኳቸው።

«አስካለ፣ ይሄ ሽታ ከየት ነው?»

«ከገበያ አይደለም» አሉ እትዬ አስካለ። መዋሸት አይሆንላቸውም።

ጋሽ ይማም ደጁን ዞረው አዩ። ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው። ይጮኻሉ፣ ይሳደባሉ ብዬ ስጠብቅ ቆባቸውን አወለቁ፣ ፊሽካቸውን አንስተው በረጅሙ ነፉ። ብሎኩ በሙሉ በረንዳ ላይ ወጣ።

«ሰው ሞቷል!» አሉ ወደ ላይ። «ለቅሶ ነው፣ ነጠላ ያዙ። አስካለ ቤት!»

መጀመሪያ እውነት የሞተ ሰው ያለ መስሎን ወርደናል። ጉዳዩ ከገባን በኋላ ግን ማን ይመለስ? ጋሽ ይማም የእትዬ አስካለ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ይመጣል። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ግራ ገብቶት «ደንባችን ለችግኝ ይሠራል?» ሲል ጠየቀ። «ደንቡ የሚለው ‹የግቢው ነዋሪ› ነው» አሉ ጋሽ ይማም። «እሷ የት ነበር የምትኖረው? ቦሌ መድኃኔዓለም?»

እትዬ አስካለ አፍረው መሬት ሊገቡ ደርሰዋል። ይሁን እንጂ ለለቅሶ ቤታቸው የገባን ሰው ባዶ አፉን የሚሸኝ ሴት አይደሉም፤ ንፍሮ ጣዱ። ሰውም ለቅሶ ቤት ሲገባ የሚጠይቀውን መጠየቅ ጀመረ።

«ምነው፣ ታማ ነበር?»

«ኧረ ምንም አልነበረባት፣ ትናንት አጠጥቻታለሁ» አሉ እትዬ አስካለ ሳያስቡት። አንዳንዱ ሰው ሳቁን በነጠላው ሲያፍን ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ላየው የሚያለቅስ ይመስላል። እትዬ አስካለ ግን እውነተኛ እንባቸው መጣ። «እጄን! ምን ነካኝ? ሕፃኑ ሲያስል... ልጄን እንዳሳደግኳት እኮ ነው ያሳደግኳት» አሉ። ሳቃችን ጠፋ። ተራ በተራ እየተነሳን «እግዜር ያጥናዎት» አልናቸው።

በዚህ መሃል ጋሽ ይማም በኃይል ተነፈሱ፣ ደግመው ተነፈሱ። ሰሞኑን አፍንጫቸው ተዘግቶ ከእኔ ኪኒን ሲወስዱ ነበር። «ወላሂ ተከፈተልኝ» አሉ ቀስ ብለው። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው ተቆጡ። «ምን ታዩኛላችሁ? አልቅሱ!»

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ልጅ እንኳ ሳትተካ» አሉ። ለቅሶ ቤት ከሚባለው ሁሉ አንጀት የሚበላው ይሄኛው ነው። ጋሽ ይማም ቀና ሲሉ ዓይናቸው የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። እዚያ የፕላስቲክ ጽጌረዳ የተሰካበት ማስቀመጫ አለ፤ በጽጌረዳዎቹ መሃል የደረቁ፣ እሾሃማ፣ ክብ ክብ ነገሮች ቆመዋል።

«አስካለ፣ ያ ምንድነው?»

«አበባዋ ነዋ። ሲደርቅ ቆርጬ ከፕላስቲኩ ጋር ያምራል ብዬ...»

ጋሽ ይማም እንዴት እንደተነሱ አላየሁም። ፊሽካው ጆሮዬ ስር ጮኸ። «ልጆች አሏት! ሟቿ ልጆች አሏት!» ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። የጎረቤት ብሎክ ሰዎች ለቅሶ ቤት ውስጥ እልል ሲባል ሰምተው ለረጅም ጊዜ ሰላምታ የሚሰጡን እየፈሩ ነበር።

ከእነዚያ ደረቅ ኳሶች የተራገፈው ዘር በሰላማዊት ምክር ተዘራ። የበቀለው በቀለ፣ ያልበቀለው ቀረ። ጋሽ ይማም የለስላሳ ሳጥኑን ደጃቸው ላይ አስቀመጡና በየቀዳዳው አንድ አንድ ጠርሙስ ማሳፈር ጀመሩ። ክረምት ሲገባ ሰላማዊት መጣች። ተፈራ መንደሩ ላይ ቦታ አጥሮ ይጠብቃል።

«ጋሽ ይማም፣ የደረሱትን አሁን በሐምሌ እንላካቸው። ዝናብ ይይዛቸዋል።»

«ባዶ ወንበር አለ?»

«ጥቂት አለ፣ ግን...»

«ሳይሞላ አይወጣም።»

«ችግኝ እኮ ነው ጋሽ ይማም! አውቶቡስ አይደለም።»

«ሰላማዊት ልጄ፣ ጎዶሎ የወጣ መኪና በየመንገዱ ሰው ሲለቅም ነው የሚገለበጠው። እኔ ጎዶሎ አስወጥቼ አላውቅም፤ ዛሬ በስተርጅና አልጀምርም።»

ሰላማዊት እንዳግዛት ወደ እኔ አየች። እኔ ጣራውን አየሁ። ሰውየው ተሳስተው ነበር፤ በበጋው ከሳጥኑ ውስጥ ሌሎችም ወረዱ። ማንም «ነግረንዎት ነበር» አላላቸውም። እሳቸውም አላነሱትም፤ እንደገና ዘሩ፣ ከዚያ ወዲህ ግን የሳጥኑን ማንንም ሳያምኑ በገዛ ስኒያቸው ነበር የሚያጠጡት፤ የደረጃውን ለየፎቁ ሰው አከፋፈሉ።

እንዲያም ሆኖ ለእኔ ደከም ያለችውን አንዷን በአደራ የሰጡኝ ያኔ ነው፤ ደጃቸው ፀሐይ ስለማያገኝ ጠንከር እስክትል በረንዳዬ ላይ እንዳቆያት። መጋቢት ላይ ቅጠሏ ወደቀ፣ ግንዷ ደረቀ። በማግስቱ ሳሎኔ በለቀስተኛ ተሞላ። መጀመሪያ የገቡት ጥቁር የለበሱት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ያን ቀን ሲጠብቁት እንደኖሩ ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል። «ታማ ነበር?» አሉኝ ንፍሮ እየዘገኑ። «እኔስ ለሕፃን ብዬ ነው። አንቺ ምን ሆንኩ ብለሽ ነው የገደልሻት?» ውኃ አብዝታባት ነው፣ የለም አሳንሳባት ነው እያሉ እፊቴ ተከራከሩ። ጋሽ ይማም ሲወጡ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «ዶክተሬ፣ ወንበሩን አትጣዪ። ተሳፋሪ ይወርዳል፣ ወንበር ግን አይጣልም።» እሺ ብዬ ጠርሙሱን እንዳለ ከነአፈሩ ከበረንዳው የውኃ በርሜል ኋላ ወሸቅኩት።

እሳቸው ያረፉት ሰኔ ሲገባ ነው። ድንኳኑን የሞሉት የላምበረት ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው፤ ስንቱን ሰው ፊሽካቸው እንዳስለቀሰውና እንዳሳቀው ሲያወሩ ዋሉ። ከደሴ የመጣችው ልጃቸው ፊሽካዋን ለእትዬ አስካለ ሰጠቻቸው። «አባዬ በስልክ ሁሌ ስለ እርስዎ ነበር የሚያማርረው፣ በጣም ይወድዎት ነበር ማለት ነው» አለቻቸው። እትዬ አስካለ ፊሽካዋን ከማተባቸው ጋር አሰሯት።

ተፈራም መጥቶ ነበር። ሳጥኑን አየ። ሁሉም ቀዳዳ ሞልቷል፤ የቀረው አንድ ነው።

«በቃ ልውሰደው» አለ።

«ሳይሞላ አይወጣም ብሏል» አሉ እትዬ አስካለ።

«እትዬ፣ አንድ እኮ ነው የጎደለው! ክረምቱ ካለፈ ሌላ ዓመት ነው» አለች ሰላማዊት።

«የሰውየው ቃል ነው፣ ልጄ። እኔ አንዴ አደራ በልቻለሁ፤ ሁለተኛ አልበላም።»

አንዱ ጎረቤታችን ነገር ለማብረድ ብሎ «ታዲያ ቀዳዳውን ዳማከሴ እንሙላበት?» ሲል ድንኳኑ በአንድ ድምፅ «የከተማ ልጅ ነው!» አለው። ሳቅን፤ ከዚያ ሁላችንም ወደ ጋሽ ይማም ፎቅ ቀና አልን። ሳጥኑ ባለበት ቀረ። ተፈራ እያጉረመረመ ሄደ። እኔም በየቀኑ ላጠጣ ወደ ደጃቸው ስወጣ ያቺን ባዶ ቀዳዳ እያየሁ እበሳጭ ነበር፤ በሰውየው ግትርነት፣ በእትዬ አስካለ ግትርነት፣ በዝናቡም።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው፣ ውሽንፍር በረንዳዬን አጥለቀለቀው። ጠዋት ውኃውን ለመጥረግ በርሜሉን ገፋ ሳደርገው ያ ጠርሙስ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ አልኩ። ከደረቀው ግንድ ስር ጥፍር የምታህል ቅጠል ወጥታለች። ጠርዟ እሾህ አለው፣ ጣቴን ወጋችኝ።

ነጠላ ጫማዬ እየከዳኝ ወደ ምድር ቤት ሮጥኩ። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩአት።

«ይቺን አልቅሰንላት አልነበር?»

«ለቅሶ ተቀምጠናል፣ ንፍሮም በልታችኋል።»

«ምነው ያለቀስንለት ሁሉ እንዲህ ቢነሳ» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለን ሁለታችንም አለቀስን። ጋሽ ይማምን በጣም ፈለግኳቸው፤ ተሳስተው ሞታለች ያሉት ሳትሞት ቀርታ ሲያዩ የሚሰጡትን ምክንያት መስማት ፈለግኩ። አንድ ነገር አያጡም ነበር።

ሰላማዊት ስንደውልላት ጮኸችብን። «ሥሯ ደህና ከሆነ በበጋ ደርቃ በክረምት ትመለሳለች! አፈሩን ጫር አድርጎ የሚያይ አንድ ሰው ጠፋ?»

«ለቅሶ ላይ ሟች አይጫርም» አሉ እትዬ አስካለ ስልኩን ነጥቀውኝ። «አሁን ሞልቷል። ተፈራን ጥሪው።»

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑን ይዘን ላምበረት ገባን። ካፊያ ነበር። ረዳቱ ጣራ ላይ ሊጭነው ሲል ተፈራ ጮኸበትና ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን የመጀመሪያ ወንበር አስለቀቀለት። ተሳፋሪው እሾህ ካለው ሳጥን ጋር መቀመጡን አልወደደውም፤ ተፈራ የማን እንደሆነ ሲነግራቸው ግን ከኋላ ያሉት አንድ አዛውንት «የይማም ከሆነ እኔም ታቅፌ እሄዳለሁ» አሉ። ሰዉ ሞላ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሳ። አውቶቡሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ሆንክ፣ አትሄድም?» አልኩት በመስኮት።

«ማን ነው የሚያስወጣኝ?» አለ ተፈራ።

እትዬ አስካለ ከማተባቸው ላይ ፊሽካዋን አውጥተው ነፉ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሁለተኛው ግን ግቢውን ሞላው፤ ሩቅ የቆሙ ሾፌሮች ሁሉ ዞረው አዩ። እኔ ወደ አውቶቡሱ ጎን ሄጄ በመዳፌ ቸብ ቸብ አደረግኩት።

«ሞልቷል!» አልኩ። «ሳበው!»

ከበሩ ወጥቶ በደብረ ብርሃን መንገድ እስኪሰወር ድረስ ካፊያው ላይ ቆመን አየነው። ከዚያ ታክሲ ይዘን ወደ ቡልቡላ ተመለስን፤ እትዬ አስካለ ጎኔ ተቀምጠው አንቀላፉ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ግሩፑን ወደ ኋላ ገለጥኩት፤ የጋሽ ይማም የመጨረሻው የድምፅ መልእክት ጋ ደረስኩ። ማንም አልመለሰላቸውም ነበር። ጣቴን መልእክቱ ላይ አድርጌ መልስ የሚለውን ነካሁ።

«የሦስተኛ ፎቅ ተሳፋሪዎች ጠጥተዋል፣ ጋሽ ይማም» ብዬ ጻፍኩ። «መኪናውም ሞልቶ ወጥቷል።»